ሐውልት፣ የመስተዋት ሥዕልና ድኩላ፦ በአዲስ አበባ የአንድ ቀን ጉብኝት

የከተማዋን ሐውልቶች፣ የአፍሪካ አዳራሽን የመስተዋት ሥዕልና የአገራችንን የዱር እንስሳት በአንድ ቀን አሳያለሁ የሚል አንድ አስጎብኚ ድርጅት ባዘጋጀው ጉብኝት፣ ከውጭ አገር ከመጣች እህቴ ጋር ተሳትፌ ነበር። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ የምናገረው ስለ ጉዞው መስመርና ስለ ሰዓት አደላደሉ ነው። የቦታዎቹ ምርጫ የሚያስመሰግን ነው። ለጥበቡ የተሰጠው ጊዜ ማጠሩና ተፈጥሮው ወደ ቀኑ ማብቂያ መገፋቱ ግን ጉብኝቱን ከሚገባው በታች አድርጎታል።

ጉዞው የተጀመረው ከአራዳ ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል አጠገብ ያለው የዳግማዊ ምኒልክ የፈረሰኛ ሐውልት በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ተመረቀ። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ከቦታው አንሥተው ቀበሩት፤ ከነጻነት በኋላም ተመልሶ ቆመ። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ የሰማዕቱ አቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ይገኛል። እርሱም ለቀላል ባቡር ግንባታ ሲባል በ2005 ዓ.ም. ከተነሣ በኋላ ወደ ስፍራው ተመልሷል። አስጎብኚያችን ይህንን ሁሉ በጥሩ አንደበት፣ ከየዘመኑ ጋር እያያዘ አስረድቶናል። በዚህ ክፍል ላይ የማነሣው ቅሬታ የለኝም።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ስድስት ኪሎ ላይ ነው። የየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት በእኔ ግምት ከአዲስ አበባ የአደባባይ ጥበብ ሁሉ የላቀውን ሥራ የያዘ ነው። በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በሦስት ቀናት ውስጥ የተፈጸመውን ጭፍጨፋ የሚያስታውሰውን ይህንን ሥራ የሠሩት አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የተባሉት የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች ናቸው። ብዙ ሰው ከመኪና መስኮት ወደ ላይ የወጣውን ነጭ ዓምድ ብቻ አይቶ ያልፋል፤ ጥበቡ ያለው ግን ከሥር፣ በዙሪያው በነሐስ ጎልተው በተቀረጹት ምስሎች ላይ ነው። ቀራፂዎቹ የሰዎቹን ፊት በጅምላ አልሠሩትም፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሲያነሣው፣ እናት በልጇ ላይ ስትጎነበስ፣ ሐዘንተኞች ተጠጋግተው ሲቆሙ እያንዳንዱ የራሱ መልክ አለው። ይህንን አንድ በአንድ ለማየት ዙሪያውን ቀስ ብሎ መዞር፣ ከዚያም ራቅ ብሎ እንደገና ማየት ያስፈልጋል። ለእኛ የተሰጠን ጊዜ ግን ፎቶግራፍ ለማንሣት ብቻ የሚበቃ ነበር። አስጎብኚው ታሪኩን በሚገባ ቢነግረንም የቀራፂዎቹን ስም አላነሣም፤ እህቴ ስትጠይቀውም መልስ አልነበረውም። ጥበብን አሳያለሁ ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ድርጅት ለዚህ ጥያቄ ሊዘጋጅ ይገባዋል።

ሁለቱን አንበሶች በፍጥነት አየናቸው፤ ይህ ግን አልጎዳንም። በለገሃር የባቡር ጣቢያ ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ወደ ሮም ተወስዶ ከብዙ ዓመት በኋላ የተመለሰ ሲሆን፣ በብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለውን ግዙፍ የድንጋይ አንበሳ ደግሞ ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ለንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ ዓመት የዘውድ በዓል ሠርቶታል። ሁለቱ በአካሄድ እጅግ የተለያዩ ናቸው፦ የመጀመሪያው የእውነተኛ እንስሳ አካል ያለው ሲሆን፣ ሁለተኛው በጥቂት ጠንካራ መስመሮች ብቻ የቆመ ነው። በአንድ ጉዞ ተከታትለው ሲታዩ ልዩነታቸው ያለ ገላጭ ይታያል፤ ስለዚህ ድርጅቱ አንዱን ከሌላው አስከትሎ ማሳየቱ ጥሩ ሐሳብ ነው።

ከቀኑ ሁሉ የበለጠው ሰዓት በአፍሪካ አዳራሽ ያሳለፍነው ነበር። ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው ይህ ሕንፃ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 ዓ.ም. የተመሠረተው በዚሁ አዳራሽ ነው። ከረጅም እድሳት በኋላም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 እንደገና ተከፍቷል። የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ሲሆን፣ በሦስት ክፍሎች የአህጉሪቱን ያለፈ ሐዘን፣ የጊዜውን ትግልና የወደፊት ተስፋ ያሳያል። በመጽሐፍ ላይ ታትሞ ያየው ሰው ሥዕሉን አይቻለሁ ሊል አይችልም፤ ብርሃኑ ከውጭ በቀለሙ ውስጥ ዘልቆ ወለሉና የተመልካቹ ልብስ ላይ ሲያርፍ፣ ደመና ሲያልፍም ቀለሙ ሲደበዝዝና ሲመለስ ማየት ያስፈልጋል። የማዕድን ምህንድስና ይማር ተብሎ ወደ እንግሊዝ የተላከ የአንኮበር ልጅ ወደ ሥዕል ዞሮ፣ ዕድሜው ገና ሠላሳ ሳይሞላ ይህንን የሚያህል ሥራ መሥራቱን ሳስብ ኩራትም አድናቆትም ይሰማኛል። የአዳራሹ አስጎብኚ ሥዕሉን በክፍል በክፍል፣ ጥያቄያችንን እየሰማች በትዕግሥት አስረዳችን። ቦታው በተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውስጥ ስለሆነ ቀጠሮ አስቀድሞ መያዝና መታወቂያ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል፤ ይህንን ጉዳይ ድርጅቱ በጥንቃቄ ስለጨረሰልን በር ላይ አልተጉላላንም።

ጉለሌ እጽዋት ማዕከል የደረስነው ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ በበረታችበት ጊዜ ነው። ከከተማዋ ሰሜናዊ ምዕራብ በኩል ያለው ይህ የ705 ሄክታር ስፍራ ዋና ሥራው አካባቢውን የወረሰውን ባሕር ዛፍ በጽድ፣ በወይራ፣ በኮሶና በሌሎች አገር በቀል ዛፎች መተካት ነው፤ ዛፉ ሲመለስ እንስሳውም ይመለሳል። የምኒልክ ድኩላ በመባል የሚታወቀው፣ ወንዱ ወደ ጥቁር ያደላ ጸጉር ያለው የደጋ ድኩላ በጣም ዓይናፋር ነው፤ ጎህ ሲቀድና ሊመሽ ሲል ከጥሻው ወጥቶ ይግጣል፤ ቀትር ላይ ግን ተደብቆ ይውላል። እኛም ያየነው አንዲት ሴት ድኩላ ጀርባዋን አዙራ ቁጥቋጦ ውስጥ ስትገባ ብቻ ነው። አእዋፉ ግን ክሰውናል። በጉሮሮው ሥር ቀጭን ሥጋ የተንጠለጠለበት ባለ ቆልማማ ምንቃሩ ጋጋኖ በመንጋ ሣር ላይ ሲለቅም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ትልቁ ቁራ ከዛፍ ዛፍ ሲዘዋወር አየን። ሁለቱም የኢትዮጵያና የኤርትራ ከፍታዎች ወፎች ናቸው፤ ለወፍ ብለው ከሩቅ አገር የሚመጡ ጎብኚዎች የሚፈልጓቸው እነዚህን ሲሆን፣ እኛ በየግቢያችን ድምፃቸውን እየሰማን ልብ ብለን አናያቸውም። አስጎብኚው ግን ስለ አእዋፍ ምንም ዝግጅት አልነበረውም፤ የነገረን የማዕከሉ ጥበቃ ሠራተኛ ነበር፤ እግዜር ይስጠው።

ድርጅቱ በተጨማሪ ክፍያ ወደ አንድነት ፓርክ ሄዶ ባለ ጥቁር ጎፈር አንበሶችን ማየት እንደሚቻል ነግሮን ነበር። በአዲስ አበባ ተጠብቀው በኖሩት አንበሶች ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የዘር ጥናት ከሌሎቹ የአፍሪካ አንበሶች የሚለዩበት ባሕርይ እንዳላቸው ስላሳየ ለልጆች በጣም የሚጠቅም ጉብኝት ነው። እኔ ግን በገዛ ፈቃዱ በዱር የሚሄደውን ድኩላ ለግማሽ ደቂቃም ቢሆን ማየት ስለምመርጥ ቀረሁ።

ይህንን ጉብኝት ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከመክፈሉ በፊት ሁለት ነገር ቢጠይቅ መልካም ነው፦ ጉለሌ ገና በማለዳ መጀመሪያ ይሁንልን ይበል፤ ከዚያም በስድስት ኪሎ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይሰጠኝ ብሎ ያስረግጥ። በክረምት ወራት ደግሞ የጉለሌ መንገድ ጭቃ ስለሚሆን ጠንካራ ጫማ ያስፈልጋል፤ ሽማግሌ ወይም የእግር ችግር ያለበት ሰው አብሮ ካለም መኪናው እስከየት እንደሚገባ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።