አፍሪካን ስቶሪቡክ በቃል መተረክ ለሚጀምር ልጅ ይሆናል?

ልጆቻቸውን ቤት ማስተማር የጀመሩ ወላጆች በቃል ማስተረክ ሲያስቡ ቶሎ የሚያጥራቸው የሚነበበው ነገር ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ አንድ ታሪክ አንድ ጊዜ ይነበባል፣ ልጁ የሰማውን በራሱ አንደበት መልሶ ይናገራል። ይህን የትምህርቷ ዋና መሣሪያ ያደረገችው እንግሊዛዊቷ መምህርት ቻርሎት ሜሰን (1842–1923 እ.ኤ.አ.) ስድስት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ተርክ ብሎ ማስገደድ አይገባም ትል ነበር። ስድስት ለሞላው ግን አጭርና ሙሉ የአማርኛ ታሪክ በየዕለቱ ከየት ይመጣል? በተለይ ከአገር ውጭ ላለ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። ነፃውን የተረት ድረ ገጽ አፍሪካን ስቶሪቡክን የምናየው ከዚህ አንጻር ነው።

ድረ ገጹ ሳይዴ የተባለ የደቡብ አፍሪካ ድርጅት ሥራ ነው። መጻሕፍቱ በክፍት ፈቃድ ስለሚወጡ ማንበብም፣ ማውረድም፣ ማተምም፣ አሻሽሎ የራስን ቅጂ ማዘጋጀትም ይቻላል፤ ክፍያ የለውም። ቋንቋ መምረጫው ላይ አማርኛ አለ። በስልክ መተግበሪያው የወረደ መጽሐፍ ያለ ኢንተርኔትም ይከፈታል።

መጻሕፍቱ በአምስት ደረጃ ተከፍለዋል። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ልጄ ጀማሪ ነው ብሎ አንደኛውን ወይም ሁለተኛውን ይከፍታል። ደረጃው የተሰጠው ግን ልጁ ራሱ ለማንበብ ያለውን ችሎታ አስቦ ነው፤ የማድመጥ አቅሙ ከዚያ በጣም ይቀድማል። በየገጹ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ካለው መጽሐፍ የሚተረክ ነገር አይገኝም፤ ልጁ ሥዕል ወደ መቁጠር ይሄዳል። ለትረካ የሚሆኑት አራተኛውና አምስተኛው ናቸው። አምስተኛው ጮክ ተብሎ እንዲነበብ የታሰበ ነው። ለዓይን አፋር ልጅ ሦስተኛው ይበቃል።

ሥዕሎቹ ያምራሉ፤ ለዚህ ሥራ ግን ያውካሉ። ልጁ ገጹን እያየ ከሰማ የሚተርከው ሥዕሉን ነው፣ ጆሮውም ይሰንፋል። ስለዚህ ስክሪኑን ወደ ራስዎ አዙረው ያንብቡ፤ ሥዕሉን ተርኮ ሲጨርስ ያሳዩት።

የትርጉሙ ጥራት አንድ ወጥ አይደለም። አንዳንዱ መጽሐፍ ለጆሮ ይጥማል፤ አንዳንዱ ውስጥ «እሷ» የተባለችው እንስሳ ቀጣዩ ገጽ ላይ «እሱ» ትሆናለች፣ ዓረፍተ ነገሩም ይንቀረፈፋል። ልጁ የሚወስደው የሰማውን አማርኛ ነውና አስቀድሞ አንብቦ ማረም ግዴታ ነው። አትሞ በእርሳስ ማስተካከል ይቀላል።

አንዱ ክፍለ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ከንባቡ በፊት ሁለት ወይም ሦስት እንግዳ ስሞችን ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፤ ልጁ ስም ሲጠፋው ታሪኩንም ይተወዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከአምስትና ስድስት ዓረፍተ ነገር በኋላ ቆም ብለው ያስተርኩት፣ ከዚያ ይቀጥሉ። መጽሐፉ ሲዘጋ ልጁ «ተረት ተረት» ይበል፣ ቤተሰቡ «የላም በረት» ብሎ ይመልስለት። ያኔ ተራው የእሱ መሆኑ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።

ዝም ካለ ለአሥር ሰከንድ ያህል ይጠብቁት። ከዚያ «መጀመሪያ ማን መጣ?» የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ። ጥያቄ ከደረደሩ ትረካው ፈተና ይሆንና ልጁ በአንድ ቃል መመለስ ይለምዳል። «ድገሚልኝ» ስትል ልጅቱ እሺ አይበሏት፤ ሁለተኛ ንባብ እንዳለ ካወቀች የመጀመሪያውን አታዳምጥም። «አላስታውስም» የሚለው መልስ በየቀኑ ከመጣ የሚነበበው ክፍል ረዝሟል ማለት ነው፤ ግማሽ ያድርጉት። ቃል በቃል የሚደግመው ልጅ ደግሞ በተቃራኒው ሸምድዶ የማይዘልቀው ረዘም ያለ ክፍል ያስፈልገዋል።

ውጭ አገር ያደገ ልጅ መካከል ላይ እንግሊዝኛ ቢቀላቅል አያቋርጡት። «ራቢቷ ሮጠች» ካለ፣ ሲጨርስ «አዎ፣ ጥንቸሏ ሮጠች» ማለት ይበቃል። እርማት ትረካው መሃል ሲገባ የታሪኩ ክር ይበጠስና ልጁ የሚያውቃቸውን ጥቂት ቃላት ብቻ መርጦ ማውራት ይጀምራል። ወንድማማቾች አብረው ከሆኑ ታናሹ ይጀምር፣ ታላቁ የቀረውን ይሙላ። ታላቁ ከቀደመ ታናሹ እሱን ይቀዳል።

በእኛ ግምት ድረ ገጹ ለጀማሪ ከአምስት አራት ኮከብ ይገባዋል። አንዱን የከለከልነው ለአማርኛው አለመስተካከልና ተረቶቹ በአንድ ቁጭታ የሚያልቁ በመሆናቸው ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ልጁ ትናንት የቆመበትን አስታውሶ የሚቀጥለው ረጅም ታሪክ ያስፈልገዋል፤ ያንን እዚህ አያገኝም። ያኔ ምዕራፍ ያለው መጽሐፍ ይያዙ፤ በቀን ግማሽ ምዕራፍ እያነበቡ፣ ከመጀመርዎ በፊት «ትናንት የት ደረስን?» ብለው ያስተርኩት።