የቱሉ ፍሉት ይሻላል ወይስ የሉዊ ሎ?

የፓሪስ ኮንሰርቫቷር የተባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት የፍሉት ተማሪዎቹን በየዓመቱ ያወዳድር ነበር። ለዚያ ውድድር በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፉትን ሥራዎች በዘመናቸው መሣሪያ መጫወት ያማረው ሰው ገበያ ሲወጣ ሁለት ዓይነት ፍሉት ይጠብቀዋል።

አንዱ ዣን ሉዊ ቱሉ የሙጥኝ ያለው የእንጨት ፍሉት ነው። ውስጡ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል። ዋናዎቹን ቀዳዳዎች ጣት ራሱ ይደፍናቸዋል፤ ለቀሩት ድምፆች ትንንሽ ቁልፎች አሉት። ቱሉ እ.ኤ.አ. ከ1829 ጀምሮ 30 ዓመት ያህል በኮንሰርቫቷሩ አስተምሯል፤ ለውድድሩም «ግራን ሶሎ» የተባሉትን የፍሉት ሥራዎች ጽፏል። ጀርመናዊው ፍሉት ሠሪ ቤም የፈጠረው አዲስ ፍሉት ሲመጣ አሻፈረኝ አለ። እኔ አልፈርድበትም። በእሱ ፍሉት ላይ አንዱ ድምፅ ቦግ ይላል፣ ሌላው ነጠላ እንደተከናነበ ሰው ይደበዝዛል። የቱሉ ዜማዎች የሚያምሩት በዚህ መዘበራረቅ ነው።

ሌላው የፓሪሱ ፍሉት ሠሪ የሉዊ ሎ ፍሉት ነው፣ ብዙ ጊዜ ከብር የተሠራ። ቤም በ1847 ያወጣውን ወደ ታች የማይጠብ ቀጥ ያለ ቱቦ ይከተላል። በ1860 ሉዊ ዶሩስ ቱሉን ሲተካ ኮንሰርቫቷሩም ወደዚህ ዞረ። የሙዚቃ ደራሲው ፎሬ በ1898 ለውድድሩ የጻፈውን «ፋንታዚ» ለመጫወት የምትገዙ ከሆነ ሌላ አታስቡ። ያንን ፈጣን ክፍል በቱሉ ፍሉት መሞከር ጣትን ማሰቃየት ነው።

አንድ ብቻ መግዛት ለሚችል ሰውም ምርጫዬ ሎ ነው። ምክንያቱም የቱሉ ሶሎዎች እሱ ከሄደ በኋላም፣ በአንሪ አልቴስ የመምህርነት ዘመን ጭምር፣ በቤም ፍሉት ለውድድር ይቀርቡ ነበር። ስለዚህ ቱሉን በሎ መጫወት ታሪክን ማጣመም አይሆንም። ችግሩ ዋጋው አይቀመስም! የሎ ስም ከእሱ በኋላም ለአሥርት ዓመታት ፍሉት ላይ ሲመታ ስለኖረ፣ ተከታታይ ቁጥሩን ሳታዩ አትከራከሩ።

ቅኝቱንም ጠይቁ። ፈረንሳይ በ1859 መቃኛ የሆነውን «ላ» የተባለ ድምፅ 435 ሄርዝ ላይ ወስና ነበር። የዛሬ ፒያኖ 440 ስለሆነ ጭንቅላቱን (አፍ የሚነፋበትን የፍሉቱን ክፍል) ገፋ አድርጎ ማስገባት ይጠይቃል፤ ያኔ ደግሞ ሌሎቹ ድምፆች ይንሸዋረራሉ።

እንጨት ከሆነ ስንጥቅ ፈልጉ። የዝሆን ጥርስ ያለበት ከሆነ ድንበር ለማሻገር ፈቃድ ሊጠየቅ ይችላል። ሻጩ ፎቶ ልኮ «አሪፍ ይነፋል» ቢላችሁ በቪዲዮ የታችኞቹን ድምፆች ቀስ ብሎ እንዲነፋ ለምኑት። አየር የሚያሾልክ ፍሉት እዚያ ላይ ነው የሚጋለጠው።