ሴራሚክ ከመስበሩ በፊት ቆጣሪ የሚያይ የቧንቧ ባለሙያ

ጀሞ ኮንዶሚኒየም የሚኖረውን ጓደኛዬን ልጠይቅ አዲስ አበባ መጥቼ የመታጠቢያ ቤቱን ፍሳሽ አብረን አሠራን። የሠራልንን ልጅ በአደባባይ ሳላመሰግን መመለስ ግፍ ነው። እጁ ይባረክ! ቤታችሁ ወደ ታች ጎረቤት የሚያንጠባጥብባችሁ ሁሉ ይህን ሰው ጥሩት።

ከእሱ በፊት ጓደኛዬ ያየውን አበሳ አንባቢ ይወቀው። አንዱ ገና ከበሩ ላይ ቆሞ «ወለሉ በሙሉ ይነሳ» ብሎ ዋጋ ቆረጠ። ሌላው በሴራሚኩ መገጣጠሚያ ላይ ሲልከን ለቅልቆ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። እርጥበትና ሳሙና ባለበት ላይ የተለጠፈ ሲልከን አይዝም፣ ተላጦ ይነሳል። ቢይዝ እንኳ ውሃው የሚያመልጠው ከቧንቧው ከሆነ ከላይ መለቅለቅ ምንም አይፈይድም። ሦስተኛው ደግሞ ለዕቃ መግዣ ብሎ ቀብድ ወስዶ ስልኩን ዘጋ። በዚህ ሁሉ መሃል ከታች ቤት ያሉት እናት ጣሪያ እየጠቆረ፣ ልስኑ እየረገፈ ነበር።

ይህ ልጅ ሲመጣ መዶሻውን ከቦርሳው አላወጣም። ቧንቧዎቹን ሁሉ አዘጋ፤ የሽንት ቤቱን ታንከር የሚሞላውንም ጨምሮ፣ ምክንያቱም ታንከሩ እያፈሰሰ ከሆነ ምርመራውን ያሳስታል። ከዚያ የውሃ ቆጣሪው ፊት ቁጢጥ ብሎ በስልኩ መብራት ትንሿን ሽክርክሪት ግማሽ ሰዓት ያህል ዓይኑን ሳይነቅል አየ። ብትዞር ግፊት ያለው የንጹህ ውሃ መስመር ያፈስሳል ማለት ነው። አልዞረችም። ልብ በሉ፣ ይህ ምርመራ የሚሠራው ውሃ ባለበት ቀን ብቻ ነው። ፈረቃችሁ ባልሆነ ቀን ሽክርክሪቷ መቼም አትዞርም፤ ደህና ነው ብላችሁ ትሸወዳላችሁ።

ቀጥሎ ሠራተኞቹ ፍሎር ድሬን የሚሉትን የወለል ውሃ መውረጃ በላስቲክ በተጠቀለለ ጨርቅ ደፍኖ ወለሉ ላይ ሁለት ጣት የሚሆን ውሃ አቆረና እስከ ማግስቱ ተወው። ታች ምንም አልጨመረም። ድፋኑን ሲነቅለው ግን ብዙም ሳይቆይ ከታች ጣሪያ ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። በዚህ የወለሉ ሴራሚክ ከክስ ነጻ ወጣ። ጥፋተኛው መውረጃው ነው። ሙያ ማለት ይሄ ነው! ያ ሁሉ ወለል ሊፈርስ ነበር፤ በመውረጃው ዙሪያ ያሉ አራት ሴራሚኮች ብቻ ተነሱ።

ሲከፈት የታየው በብዙ ቤት ያለ ችግር ነው። ባለ 50 ሚሊሜትሩ የፒቪሲ ቧንቧ አጥሮ ተቆርጦ፣ በእሱና በመውረጃው መካከል ያለው ክፍተት በሲሚንቶ ተጠቅጥቋል። ሲሚንቶ ከፒቪሲ ጋር አይያያዝም። ሲደርቅ ይኮማተርና እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ይተዋል፤ ውሃው በዚያ ገብቶ ከሴራሚኩ በታች ያለውን አሸዋ ካራሰ በኋላ ሶሌታውን (የፎቁን ኮንክሪት) አልፎ ይወርዳል።

ልጁ ሲሚንቶውን ጠርጎ አውጥቶ፣ የቧንቧውን ጫፍ ቀጥ አድርጎ ቆርጦ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶና ጠርጎ፣ ሙጫ በሁለቱም ወገን ቀብቶ ቧንቧውን ከመውረጃው የሚያገናኘውን መገጣጠሚያ ሩብ ዙር እያዞረ አስገብቶ ያዘው። እስኪጠነክር ውሃ እንዳይለቀቅበት አደረገ። ውሃ የማያስገባውን የሲሚንቶ ቅብ ሁለት ጊዜ ቀባ፤ ሁለተኛውን የመጀመሪያው ከደረቀ በኋላ እሱን በሚያቋርጥ አቅጣጫ፣ በመውረጃው ዙሪያ ደግሞ መረብ አስገብቶ። ከዚያ መልሶ ውሃ አቁሮ፣ ከፍታውን ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጎ 24 ሰዓት ጠበቀ። ምልክቱ ሳይወርድ፣ ታችም ጠብ ሳይል ነው ሴራሚክ የመለሰው፤ እሱንም በውሃ ልክ እየለካ፣ በሜትር አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ወደ መውረጃው እንዲያዘነብል አድርጎ። ብዙዎች ይህን ሙከራ ይዘሉታል፤ ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ ግን ስህተቱን ማን ያየዋል?

መች በዚህ አበቃ። ቦይለሩ መግቢያ ላይ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው፣ የበዛ ግፊትንም በቀዳዳው የሚያስተነፍሰው ቫልቭ እንደሌለ ያየውም እሱ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር መስመሩ ሲቋረጥ የቦይለሩ ውሃ ተመልሶ ሊወርድ፣ ማሞቂያውም ባዶውን ግሎ ሊቃጠል ይችላል። ቫልቩን አስገዝቶ ገጠመው። ውሃው ሲሞቅ ከቫልቩ ቀዳዳ ጠብ ጠብ ማለቱ ጤነኛ ነው፣ ቀዳዳውን በፍጹም አትድፈኑት ብሎም አስጠነቀቀ።

ልቤን የነካው ግን ከታች ቤት ያደረገው ነው። ማንም ሳያዘው ወረደና እናትየውን «እማማ፣ ጣሪያው ሳይደርቅ ቢቀባ ተመልሶ ይላጣል። ትንሽ ይታገሡኝ፣ እኔው መጥቼ እቀባዋለሁ» አላቸው። ቃሉን ጠብቆ እሑድ ቀን መጣ፤ የላላውን ልስን ፍቆ፣ ስቱኮ መትቶ ቀባላቸው። የተቀበለው የቀለሙንና የስቱኮውን ዋጋ ብቻ ነው። እሳቸውም መርቀው መርቀው አልጠገቡም። ለወራት የተኳረፉ ጎረቤታሞች በዚያ ቀን አብረው ቡና ጠጡ። እድሜና ጤና ይስጠው!

የእጁን ዋጋ ሥራ ሳይጀምር ይናገራል፣ አይጨምርም። የሚገዛውን ዕቃ ጽፎ ይሰጣችኋል፤ ገዝታችሁ የምታመጡት እናንተ ናችሁ፤ ቀብድ አይጠይቅም። ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ሰው ሥራ ሊበዛለት ይገባል፣ ሼር አድርጉት። ጀሞ፣ ለቡ፣ መካኒሳና ሃና ማርያም አካባቢ ይሠራል። ስልኩን እንድሰጥ ፈቅዶልኛል፤ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ስትደውሉለት ውሃችሁ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ አስቀድማችሁ ንገሩት።