«ፍተሻ በነጻ» ለሚል ጥገና ቤት ላፕቶፕ አታሳድሩ

በቱሉ ዲምቱ፣ በቂሊንጦና በኮዬ ፈጬ ለምትኖሩ ሁሉ። ላፕቶፕ ተበላሽቶባችሁ በአስፋልቱ ዳር ወይም በኮንዶሚኒየሙ ሥር «ፍተሻ በነጻ» የሚል ማስታወቂያ ወደለጠፈ ጥገና ቤት ከሄዳችሁ፣ «አስቀምጡትና ነገ ተመለሱ» ሲሏችሁ እሺ ብላችሁ እንዳትወጡ። ፊታችሁ ፈትቶ የሚያሳያችሁ ከሆነ ጥሩ። አይሆንም ካለ ማሽኑን ይዛችሁ ተመለሱ። በነጻ የተባለው ፍተሻ ሒሳቡ የሚወራረደው ከላፕቶፑ ሆድ ውስጥ ነው። ራሙ (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ይቀነሳል፣ ኤስኤስዲው (ፋይላችሁ የሚቀመጥበት ዲስክ) በትንሽ ይቀየራል፣ ባትሪው በደከመ ይለወጣል፣ በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ የጥገና ተብሎ ገንዘብ ትከፍላላችሁ።

ይህን የምጽፈው በጎረቤታችን ልጅ የደረሰውን በቅርብ ስላየሁ ነው። ልጅቷ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ተማሪ ናት። ላፕቶፑን የላከላት አጎቷ ነው፤ 16 ጊጋ ራምና 512 ጊጋ ኤስኤስዲ ነበረው። አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ የነበረው ማሽን አልነሳም አለ። ማብሪያውን ብትጫነው ምንም የለም። የመመረቂያ ጽሑፏን የምታስረክብበት ጊዜ ደርሶ ስለነበር እናቷ ተጨነቁ። መገናኛ ድረስ ለመውሰድ የታክሲውን ሰልፍ አሰቡና እዚሁ ቅርብ ወዳለው ሱቅ ወሰዱት።

ጠጋኙ አንድ ብሎን ሳይፈታ «ማዘርቦርዱ ሳይቃጠል አይቀርም። ግን እናቴ፣ ምንም አይጨነቁ፣ ፍተሻው በነጻ ነው፤ አስቀምጠውት ይሂዱ» አላቸው። ማዘርቦርድ የሚባለው የውስጥ ዕቃዎቹ ሁሉ የሚያያዙበት ዋናው ሰሌዳ ነው። ስልክ ቁጥሩን ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጣቸው፤ ስለ ማሽኑ የተጻፈ ነገር ግን አልነበረም። መልሰው ሲደውሉለት ሃርድ ዲስኩም ተጎድቷል፣ ቀይሬዋለሁ አላቸው። ከፍለው ተረከቡ። ማሽኑ ይበራል፤ አዲስ ዊንዶውስ ተጭኖበታል፤ ልጅቷ የሠራችው ግን አንዱም የለም። «አሮጌው ዲስክ የት አለ?» ቢሉት «የተቃጠለ ዕቃ ምን ያደርግልዎታል፣ ጣልኩት» ብሎ መለሰላቸው።

ማሽኑ እኔ ዘንድ የመጣው ለምን እንደዚህ እንደተንቀራፈፈ እንድመለከትላቸው ነበር። ራሙን አየሁ፤ 4 ጊጋ ነው። ዲስኩን አየሁ፤ 128። ጀርባውን ስከፍተው ከሁለቱ የራም ማስገቢያዎች አንዱ ባዶ ነው። ሁለት ብሎን ጎድሏል፣ የሌላውም ራስ ተበልቷል። በችኮላ የተፈታ መሆኑ ያስታውቃል።

እናትየውን ይዤ ወደ ሱቁ ሄድኩ። «ወንድሜ፣ ይህ ማሽን ሲመጣልህ ራሙ 16 ነበር» አልኩት። ከያዘው ሥራ ቀና ሳይል «እኔ ጋ እንዲሁ ነው የመጣው። ማስረጃ አላችሁ?» አለ።

ነበረን። እናትየው የላፕቶፑን ካርቶን ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጠውት ኖሮ፣ በጎኑ ላይ ባለው መለጠፊያ ራሙም ዲስኩም ከነሲሪያል ቁጥሩ ታትሟል። ቁጥሩ ከማሽኑ ሥር ካለው ጋር አንድ ነው። ይህን ሲያይ ድምፁ ተለወጠ። ልጆቹ ከሌላ ደንበኛ ዕቃ ጋር ቀላቅለውት ይሆናል ብሎ ከመሳቢያ ሁለት ራም አውጥቶ ሰጠን። ኤስኤስዲውን ግን «ተጥሏል» ከማለት ንቅንቅ አላለም። የልጅቷ የወራት ልፋት ያለው እዚያ ላይ ነው። የተረፈላት ለአማካሪዋ በኢሜይል የላከችው ክፍል ብቻ ሆነ።

ካርቶኑ ባይኖር ኖሮ ራሙም አይመለስም ነበር። ካርቶን ለሌላችሁ፣ እንደ ዴልና ሌኖቮ ያሉ አምራቾች ከማሽኑ ሥር ያለውን ቁጥር ድረ ገጻቸው ላይ ስታስገቡ ላፕቶፑ ከፋብሪካ ሲወጣ ምን እንደነበረው ያሳያሉ። ከተገዛ በኋላ የተጨመረ ራም ወይም ዲስክ ካለ ግን እዚያ ላይ አታገኙትም።

ራምና ኤስኤስዲ የሚመረጡት ለማውጣት ቀላል ስለሆኑ ነው። አዲሶቹ ቀጫጭን ኤስኤስዲዎች የሚታሰሩት በአንድ ብሎን ነው፤ ራም ደግሞ ግራና ቀኝ ያሉትን መያዣዎች ገፋ ሲያደርጉ ብድግ ይላል። የማን እንደነበሩም በላያቸው አልተጻፈም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ የኮምፒውተር ዕቃም አብሮ ተወደደ። ዛሬ ከአንድ ላፕቶፕ የወጣ ራምና ዲስክ ከጥገናው ዋጋ በላይ ሊያወጣ ይችላል።

ስለዚህ ማሽናችሁ ደህና ሳለ፣ ዛሬውኑ ይህን አድርጉ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ግቡ። ሜሞሪ የሚለውን ስትነኩ ስንት ጊጋ ራም እንዳላችሁና ከማስገቢያዎቹ ስንቱ እንደተያዘ ታያላችሁ። ዲስክ የሚለው ላይ የዲስኩ ስምና መጠን አለ። ሁለቱንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ የማሽኑን ሥርም ቁጥሩ በደንብ እንዲነበብ አድርጋችሁ አንሱ። እነዚህ ሦስት ፎቶዎች ካሏችሁ «እንዲሁ ነው የመጣው» የሚል ጠጋኝ መልስ ያጣል።

እዚህ ላይ ግን ሰው ያለ ጥፋቱ እንዳይወነጀል አደራ። 512 ጊጋ የተባለ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 476 አካባቢ፣ 256 የተባለውም 238 አካባቢ ሆኖ ቢታይ የጎደለ ነገር የለም። አምራቹ ጊጋውን በሺህ እያባዛ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1024፤ ልዩነቱ የአቆጣጠር ነው። 16 ጊጋ ራምም ጥቅም ላይ የሚውለው 15 ነጥብ ምናምን ተብሎ ሊነበብ ይችላል፣ ምክንያቱም ጥቂቱ ለስክሪኑ ሥራ ተቀንሶ ይያዛል። አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ እንዲህ በቀላሉ አይወጣም። በእነዚህ ላይ ዲስኩንና ባትሪውን ጠብቁ።

የልጅቷ ላፕቶፕ በእውነት ማዘርቦርዱ ተቃጥሎ ነበር? አይመስለኝም። ማዘርቦርዱ ዛሬም ያው የራሷ ነው፤ ሲሪያል ቁጥሩ ባዮሱ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ማሽኑን የሚያስነሳው የውስጥ ፕሮግራም) ከካርቶኑ ጋር ይገጥማል፣ ሲሠራም ያለ ችግር ይሠራል። እኛ ሰፈር መብራት ሄዶ ሲመለስ አንዳንዴ ኃይሉ ከመጠን በላይ ሆኖ ስለሚመጣ በመጀመሪያ የሚጎዳው ቻርጀሩ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳይቃጠል ማሽኑ ውስጥ የቀረ ኤሌክትሪክ ብቻ አላስነሳም ይላል። ወደ ጥገና ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ቻርጀሩን ንቀሉ፣ የተሰካ ፍላሽ ወይም ማውስ ካለ አውጡ፣ ባትሪው ከውጭ የሚወጣ ከሆነ እሱንም አውጡና ማብሪያውን 30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ቆዩ። ከዚያ ቻርጀሩን ብቻ ሰክታችሁ ሞክሩ። ካልሆነ ቮልቱና መሰኪያው አንድ ዓይነት የሆነ፣ አምፔሩም ከናንተው ያላነሰ ቻርጀር ከጎረቤት ተውሳችሁ ሞክሩ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀሉና ተመልሶ ከረጋ በኋላ ስኩት።

«ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቷል» የሚባልበት ሌላም መንገድ አለ፤ ይህ በጣም ያናድደኛል። ማሽኑ ሲበራ ሰማያዊ ስክሪን ላይ የሪከቨሪ ቁልፍ አስገቡ ብሎ 48 አሃዝ የሚጠይቅበት ጊዜ አለ። ዊንዶውስ ዲስኩን የቆለፈበት፣ ቢትሎከር የሚባለው ጥበቃ ነው። የባዮስ ለውጥ ወይም የማዘርቦርድ ቅያሪ ሊቀሰቅሰው ይችላል። ይህን ያላወቀ፣ አውቆም ሊነግራችሁ ያልፈለገ ጠጋኝ «ቫይረስ ነው፣ ከፎርማት ሌላ መፍትሔ የለውም» ይላችኋል። እሺ እንዳትሉ። ላፕቶፑን ስትጀምሩ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብታችሁ ከነበረ ቁልፉ ብዙ ጊዜ እዚያው አካውንታችሁ ላይ ተቀምጧል፤ በስልካችሁ ገብታችሁ ልታወጡት ትችላላችሁ። ቁልፉ ሳይፈለግ ፎርማት የተደረገ ዲስክ ግን ሥራችሁን ይዞት ይሄዳል።

ሌላው ማስፈራሪያ የዊንዶውስ 10 ጉዳይ ነው። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል፤ ይህ እውነት ነው። ማሽኑ ግን በዚያ ቀን ሥራ አላቆመም፤ የቀረበት በነጻ ይመጣለት የነበረው የደኅንነት ማሻሻያ ነው። ላፕቶፑ ብቃቱ ካለው ወደ ዊንዶውስ 11 የሚያድገው ከራሱ ከሴቲንግ ውስጥ፣ ያለ ክፍያ፣ ፋይላችሁም ሳይጠፋ ነው። የሚበላው ኢንተርኔት ብቻ ነው። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያሉትን ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 አይቀበልም፤ አንዳንድ ጠጋኞች ግን የማይክሮሶፍትን የብቃት ፍተሻ በዘዴ አልፈው ይጭኑታል። ከዚያ በኋላ ለሚመጣ ችግር ማይክሮሶፍት ኃላፊነት አይወስድም። ክራክ ለማድረግ፣ ማለትም ያልተከፈለበትን ፕሮግራም ያለ ፈቃድ ለማስከፈት፣ አንቲቫይረሳችሁን ዘግተው ሲሠሩ ካያችሁ ደግሞ እዚያው አስቁሙ። የባንክና የኢሜይል የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ፕሮግራም በዚሁ በር ይገባል።

ስለተወሰደው ዲስክ አንድ ነገር ልጨምር፣ በተለይ ለእህቶቼ። ዲስክ ሲጠፋ የሚጠፋው ጽሑፍ ብቻ አይደለም። ፎቶ፣ የፓስፖርት ቅጂ፣ ብራውዘሩ ያስቀመጠው የይለፍ ቃል፣ ተከፍቶ የቀረ ቴሌግራም ሁሉ እዚያ ነው። ዲስኩ ካልተቆለፈ ሌላ ማሽን ላይ ሰክቶ ማየት ይቻላል፤ ተራ ፎርማት የተደረገም ቢሆን አንዳንዴ በፕሮግራም ሊመለስ የሚችል ነገር አለ። እንዲህ የደረሰባችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ በስልካችሁ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስስ የሚለውን ክፈቱና የላፕቶፑን መስመር ዝጉት። የኢሜይላችሁንም የይለፍ ቃል ቀይሩ። የጎረቤታችንን ልጅ መጀመሪያ ያስደረግኳት ይህንን ነው፤ ከጽሑፏ በላይ እንቅልፍ የነሳት የቤተሰቡ ፎቶ ነበር።

ማሽኑን ትቶ መሄድ የግድ ከሆነ፣ ስክሪን ታዝዞ እስኪመጣ መጠበቅ ስላለ እንዲህ ያጋጥማል፣ አንድ ወረቀት ላይ የማሽኑን ስም፣ ሲሪያል ቁጥር፣ የራሙንና የዲስኩን መጠን፣ ባትሪና ቻርጀር መኖሩን ጽፋችሁ ጠጋኙን አስፈርሙና ፎቶ አንሱት። ለስክሪን ቅያሪ ዲስኩ አያስፈልግም፤ ፊታችሁ አውጥቶ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። የሚቀየር ዕቃ ካለ አሮጌው እንዲመለስላችሁ በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። የሚከፈለውን ዋጋ ሳትስማሙ ምንም እንዳይነካ በሉት። እኛው ሰፈር ይህን ሳይጠየቁ የሚያደርጉ፣ ደንበኛውን አስቀምጠው እያሳዩ የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። ዋጋቸው ከፍ ቢል እንኳ ወደነሱ ሂዱ።

ፋይላችሁን አስቀድማችሁ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ፣ ግን በታክሲ ተራ «2 ቴራ» እየተባለ በርካሽ በሚዞረው ፍላሽ ላይ አይሁን። የውስጡ ፕሮግራም ተነካክቶ 2 ቴራ ነኝ እንዲል የተደረገ ነው፤ እውነተኛው ቦታ ሲሞላ በኋላ የምትገለብጡት ስሙ ይታያል እንጂ አይከፈትም።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። በተሰጠው አገልግሎት ላይ ጉድለት ያገኘ ሸማችም በ15 ቀን ውስጥ ሥራው ያለ ክፍያ እንዲደገምለት ወይም የከፈለው እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ «የደረሰኝ ማሽኑ ተበላሽቷል» ከተባላችሁ ደግሞ ክፍያውን በቴሌብር ወይም በባንክ አድርጉና ምክንያቱን ጻፉበት፣ እጅ በእጅ የተሰጠ ብር ምስክር የለውምና። ላፕቶፑን የተረከባችሁ ዕለት ከሱቁ ሳትወጡ ታስክ ማናጀሩን ከፍታችሁ ከፎቶዎቹ ጋር አስተያዩ።

የኛ ጉዳይ በጽሑፍ ተዘጋጅቶ ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ሊቀርብ ነው። ከዚሁ አካባቢ ላፕቶፕ ለጥገና ሰጥታችሁ ስትረከቡ ራሙ ወይም ዲስኩ ቀንሶ ያገኛችሁ ካላችሁ፣ ካርቶኑን ወይም የድሮ ፎቶውን፣ የከፈላችሁበትን መልእክትና ያገኛችሁትን ወረቀት ሁሉ ይዛችሁ ጻፉልኝ። ማስረጃው የተሟላውን ከአቤቱታው ጋር አያይዘን አብረን እንገባለን።