ሴፕቲክ ታንክ ወይስ የከተማው የፍሳሽ መስመር?

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚሠራ ሁሉ ይህን ይጠይቃል።

ወጪ፦ ታንክ ቁፋሮና ግንባታ አለው፤ በሞላ ቁጥር ደግሞ መጣጭ መኪና መጥራት ነው። መስመር አንዴ ከተቀጠለ የማስመጠጥ ጣጣ የለበትም።

ምቾት፦ መጣጭ መኪና ጠባብ ቅያስ አይገባም። ታንክ ደግሞ የሚሞላው እንግዳ የተጠራ ቀን ነው!

አደጋ፦ የተሰነጠቀ ታንክ የጉድጓድ ውሃ ይበክላል። መስመርን የሚደፍነው ጨርቅ፣ ዳይፐርና የረጋ ዘይት ነው። የጣራ ውሃ ወደ ፍሳሽ መስመር መልቀቅም ያው ነው፤ ክረምት ላይ ማንሆሉ ይገነፍላል። የጎርፍ ቦይና የፍሳሽ መስመር ለየቅል ናቸው።

መስመር በደጅዎ ካለፈ፣ በተለይ ለአፓርታማ፣ እሱ ይሻላል። ቤትዎ ከመስመሩ ዝቅ ካለ ግን ፓምፕ ያስፈልጋል። መስመር ላልደረሰበት ሰፈር፣ ግቢው ሰፋ ካለና መኪና ከገባ፣ ታንኩ ያዋጣል።