ከልብ የመነጨ ምስጋና ለማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪያችን

ታካሚ ድኖ ሲወጣ የሚመሰገነው ሐኪሙና ነርሷ ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያዎችን ስም የሚያነሳ የለም፤ ስለዚህ እኔ ላንሳ።

ውድ ማሽን የላቸውም። ኢንኩቤተር (ባክቴሪያ በሙቀት የሚበቅልበት ሳጥን)፣ ማይክሮስኮፕ፣ የካልቸር (ባክቴሪያ ማብቀያ) ሳህንና የአንቲባዮቲክ ዲስክ፣ ማለትም መድኃኒቱን የያዘ ትንሽ ክብ ወረቀት፤ በቃ። የታካሚው ደም የተጨመረበት የካልቸር ጠርሙስ ባክቴሪያ ማብቀሉን እንዳዩ ግን ግራም ስቴይን (ባክቴሪያውን ቀለም ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት) ሠርተው ወዲያው ለዎርዱ ይደውላሉ። ወረቀቱ እስኪታተም አይጠብቁም።

ይበልጥ የማደንቀው ቀጥሎ የሚሠሩትን ነው። በተለመደው መንገድ ባክቴሪያው ሳህን ላይ እስኪበቅል አንድ ቀን፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ለማወቅ ደግሞ ሌላ ቀን ይፈጃል። እነሱ ኢዩካስት (የአንቲባዮቲክ ምርመራ መመሪያ የሚያወጣው የአውሮፓ ኮሚቴ) ያወጣውን ፈጣን ዘዴ ይሠራሉ፤ ከጠርሙሱ በቀጥታ ሳህን ላይ ዘርተው፣ ዲስክ አስቀምጠው፣ 4፣ 6 ወይም 8 ሰዓታት ቆይተው ያነባሉ። በዲስኩ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ ጠርዙ ጥርት ካላለ ወይም የባክቴሪያው ዝርያ ካልታወቀ ግን የቱንም ያህል ብንወተውታቸው ውጤት አይሰጡም። የማምናቸውም ለዚህ ነው።

በቅርቡ ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን የሚያስከትለው ለሕይወት አስጊ ሕመም) ይዟት የተኛች አንዲት እናት ሴፍትሪያክሶን የተባለ አንቲባዮቲክ ተጀምሮላት ትኩሳቷ አልበርድ ብሎ ነበር፤ የደም ግፊቷም እየወረደ ሄደ። ጠዋት ጠርሙሱ አበቀለ። ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ፦ ባክቴሪያው ኢ. ኮላይ ነው፣ ሴፎታክሲም የተባለውን አንቲባዮቲክ ተላምዷል፣ ሜሮፔኔም የተባለው ግን ይሠራበታል። ሴፍትሪያክሶንም ከሴፎታክሲም ወገን ስለሆነ ወዲያው ወደ ሜሮፔኔም ቀየርንላት። በእግሯ ሄዳ ቤቷ ገብታለች። እግዚአብሔር ይስጣቸው!

ካልቸር የምትልኩ ባልደረቦቼ፣ እነዚህን ሰዎች ተጠቀሙባቸው። ናሙናውን ግን በአግባቡ ቅዱ። ለአዋቂ በየጠርሙሱ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ አንድ ባክቴሪያ እንኳ ላይገኝ ስለሚችል 2 ሚሊ ቀድቶ መላክ በሽታውን ሳያገኙ እንደማለፍ ነው። አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት፣ ቆዳው በደንብ ጸድቶ፣ ከሁለት የተለያየ ቦታ ይቀዳ፤ ከቆዳ የገባ ባክቴሪያ የሚለየው እንደዚያ ነው። በጽኑ ለታመመ ሰው ግን በናሙና ምክንያት መድኃኒቱ አይዘግይ።

የሆስፒታል ኃላፊዎችም ዲስክና ጠርሙስ እንዳያልቅባቸው አስቡላቸው።

የላቦራቶሪ መጠየቂያው ላይ የተረኛውን ስልክ መጻፍ እንዳትረሱ፤ ሌሊትም ይደውላሉ።