ከራስጌዋ ቆሞ ለነበረው ሰው

ትናንት ጥቅምት 5 ቀን እናቴ ምርኩዟን ይዛ በራሷ እግር አቦ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ተመለሰች። ከነሐሴ ጀምሮ በሆዴ ይዤው የቆየሁትን ምስጋና ዛሬ የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው። ቆማ ስትሄድ ሳላይ ማመስገን የቸኮልሁ መስሎኝ ነበር።

ምስጋናው ለቀዶ ጥገና ሐኪሙ አይደለም። እርሱን ዘመድ አዝማዱ ሁሉ መርቆታል፤ አክስቴማ ጉልበቱን ልትስም ነበር። ይህ ጽሑፍ የማደንዘዣ ባለሙያው ነው። ከቤተሰባችን መካከል ስሙን የጠየቅሁት እኔ ብቻ ነበርሁ፤ እርሱም እንዳልጽፈው ለመነኝ። «ብቻዬን የሠራሁት ያስመስላል» አለ። እሺ ብዬዋለሁ። ደሴ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የሚሠራ፣ ቀጭን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው ነው፤ ከዚህ በላይ አልልም።

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። በጾመ ፍልሰታ፣ ነሐሴ 9 ቀን፣ ከቅዳሴ ስትመለስ የደጃችን ጭቃ አንሸራተታትና በጎኗ ወደቀች። መጀመሪያ የጠራነው ወጌሻ ነበር። ወጌሻን የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ የእኔን የተወለቀ ቁርጭምጭሚት በልጅነቴ የመለሰልኝ ወጌሻ ነው። ይኸኛው ግን ገና እግሯን ሲነካ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸች፤ እርሱም ራሱ ደንግጦ «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» ብሎ ሄደ። ስለ ሐቀኝነቱ እርሱንም አመሰግናለሁ። በራጅ ሲታይ የጭኗ አጥንት ከዳሌዋ ጋር የሚገናኝበት አንገቱ ላይ ተሰብሯል። ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ይገባላታል ተባልን።

በቀዶ ጥገናው ዋዜማ ማታ ይህ ሰው ወደ አልጋዋ መጣ። በርጩማ ስቦ ተቀመጠ፣ ስሙንና ሥራውን ነገራት፣ ከዚያም «እማማ፣ ሕመምዎ ከአሥር ስንት ይሆናል?» ብሎ ጠየቃት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለችው።

ቁጥሩን እንድትነግረው ደግሞ ጠየቃት። «ተመስገን፣ ልጄ፣ ደህና ነኝ።» እስከዚያ ሰዓት ድረስ የጠየቋት ሁሉ ይህንኑ መልስ ሰምተው፣ ደህና መሆኗን ጽፈው አልፈዋል። እኔም ልጇ አምኛታለሁ። እርሱ ግን የአልጋውን ብረት የጨበጠችበትን እጅ አየ። «እስቲ እግርዎን በጥቂቱ ያንቀሳቅሱልኝ» አላት። አልተንቀሳቀሰችም፤ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። ወደ እኔ ዞሮ «እህቴ፣ ተመስገን ማለት ቁጥር አይደለም» አለኝ። በዚያው ሌሊት የሕመም ማስታገሻዋ ተስተካክሎላት ከወደቀች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳት።

ከዚያ የሚወጡ የሚወርዱ ጥያቄዎች ቀጠሉ። ከዚህ በፊት ማደንዘዣ ወስደው ያውቃሉ? ከቤተሰብ በማደንዘዣ የተጎዳ አለ? የሚነቃነቅ ጥርስ አለ? የደም ግፊት መድኃኒቶቿን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሳሳየው ኢናላፕሪሉ ነገ ጠዋት እንዲቀር፣ አምሎዲፒኑን ግን በአንድ ጉንጭ ውኃ እንድትውጠው ነገረን። ኢናላፕሪል ከወገብ በታች ከሚያደነዝዘው የጀርባ መርፌ ጋር ሲገናኝ ግፊቱን ከሚገባው በላይ ሊጥለው ይችላል። ከምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ከውኃ 2 ሰዓት መጾም እንዳለባትም ሲያስረዳት እናቴ ተቀየመች። «አንተ ልጅ፣ እኔን ስለ ጾም ታስተምረኛለህ?» እርሱ ሙስሊም ነው፤ ሳቀና «እኔም እኮ ረመዳንን አውቀዋለሁ፣ እማማ፤ ይህኛው የሆስፒታሉ ጾም ነው» አላት። ወሎ ነውና በዚያው ተግባቡ።

ጠዋት ግን ጉድ ፈላ። ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ከመግባቷ በፊት ምን እንደቀመሰች ጠየቃት፤ ምንም አለች። «የባህል መድኃኒትስ?» ዝም። አክስቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ለካስ ንጋት 12 ሰዓት ላይ አክስቴ ፌጦ በጥብጣ አጠጥታት ኖሯል! እናቴ «መድኃኒት ጾም አይሽርም» ብላ በሙሉ ልቧ ተከራከረች፤ በቤተ ክርስቲያን በኩል ትክክል ልትሆን ትችላለች። እርሱ አልተቆጣም። የጀርባ መርፌው በቂ ባይሆን ወደ ሙሉ ማደንዘዣ መሻገር እንደሚኖር፣ ሰው በሙሉ ማደንዘዣ ሲተኛ የሚያስለው የሚያስውጠው ነገር ሁሉ አብሮ እንደሚተኛ፣ በሆዷ ያለው ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባዋ ውስጥ ቢገባ ሊገድላት እንደሚችል ቀስ ብሎ ነገራት። ቀዶ ጥገናው ወደ ቀኑ 8 ሰዓት ተዛወረ። አንድ ተጨማሪ ጊዜ ባይጠይቅ ኖሮ ብዬ አሁንም አስባለሁ።

አሁን ልቤ ውስጥ የቀረውን ልንገራችሁ። «ግማሽ ማደንዘዣ» የምንለው ከወገብ በታች የሚያደነዝዘው መርፌ የሚወጋው በሽተኛው ተቀምጦ ወይም በጎኑ ተኝቶ፣ ጀርባውን አጉብጦ ነው። ዳሌው የተሰበረ ሰው እንዴት ይቀመጣል? የሚያደነዝዘው መርፌ ራሱ እንዲሰጥ መጀመሪያ ያንን ስቃይ ማለፍ ሊኖርበት ነው። ብዙ ቦታ «አይዞሽ፣ ትንሽ ቻይው» ተብሎ ተይዞ ይቀመጣል። እርሱ ግን አስቀድሞ አልትራሳውንድ አምጥቶ፣ በብሽሽቷ በኩል ለጭኗ ስሜት የሚሰጡት ነርቮች ባሉበት ሽፋን ሥር ማደንዘዣ አፈሰሰላት። ከዚያ 20 ደቂቃ ያህል ጠበቀ። እናቴ እንደምትለው እግሯ «የሰው ዕቃ» ሆነ፤ ሲያስቀምጧትም አልጮኸችም። ወጌሻው በጣቱ ሲነካት ሰፈር ያናወጠችው ሴት ናት ይህችው።

የአንገቷን ማተብ አላስወለቃትም፤ በፕላስተር ትከሻዋ ላይ ለጠፈላት። ጣቷ ላይ የሚቆነጥጠው፣ የደሟን ኦክስጅን በብርሃን የሚለካው መሣሪያ ከእንሶስላዋ የተነሣ እንዳይሳሳት ወደ ጆሮዋ አዛወረው። የወንድሜ ልጅ ሠርግ በሐምሌ ነበርና ጥፍሯ ገና ቀይ ነው። በአልኮል የራሰ ጥጥ እግሯ ላይ ከዚያም ሆዷ ላይ እያስነካ «ይቀዘቅዛል?» እያለ ጠየቃት። መቀዝቀዙን እስክታጣው ድረስ ሐኪሙ ምላጭ አላነሣም። ከዚያ በኋላ የምታስታውሰው የመዶሻ ድምፅ ነው። «አናጢ ቤት የገባሁ መሰለኝ» ትላለች። አንድ ጊዜ አጥወለወላት፤ ነገረችው። 170 የነበረው ግፊቷ 85 ወርዶ ኖሯል፤ ንግግሯን ሳትጨርስ በደም ሥሯ መድኃኒት ገብቶላት ተመለሰ። ያን ሁሉ ጊዜ ከራስጌዋ አልተለየም። በየአምስት ደቂቃው ግፊቷን ይጽፋል፣ ስለ ልጅነቷ ኩታበር ይጠይቃታል። የእናቴን የጋብቻ ታሪክ ከእኔ አሟልቶ የሚያውቅ ይመስለኛል።

በማግስቱ የጎረቤት ወሬ ይዤ ሄድሁ፤ የጀርባ መርፌ ዕድሜ ልክ ወገብ ያሳምማል፣ ራስ ያሳምማል፣ ሽባ ያደርጋል። መርፌው የሚገባው ህብለ ሰረሰር ካበቃበት በታች እንደሆነ በጣቱ ወገቡን እያሳየ አስረዳኝ። ስለ ራስ ምታቱ ደግሞ አንድ ታሪክ ነገረኝ። እ.ኤ.አ. በ1898 ጀርመን ውስጥ ኪል ከተማ አውጉስት ቢር የተባለ ሐኪም ይህን ዘዴ ጀመረ። ከዚያ እርሱና ረዳቱ ሂልደብራንት እርስ በእርስ ሊወጋጉ ተስማሙ። የቢር ሙከራ ስላልተሳካ ዕጣው በረዳቱ ወደቀ፤ መደንዘዙን ለማረጋገጥ ቅልጥሙን በብረት መዶሻ መቱት፣ በሲጋራ እሳት ለበለቡት፣ ምንም አልተሰማውም። ሁለቱም ግን ከዚያ በኋላ በከባድ ራስ ምታት ተያዙ፤ ቢር ለቀናት ከአልጋ አልወረደም። በወፍራሙ መርፌ የፈሰሰው የህብለ ሰረሰር ፈሳሽ ነበር ምክንያቱ። የዛሬው መርፌ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ በሽማግሌዎች ላይ ደግሞ ራስ ምታቱ ብዙም አይታይም። ለእናቴ ስነግራት «ምስኪን ረዳት» አለች።

ወደ ቤት ስንመለስ የሰጠን ምክር ወጥ ቤታችን ግድግዳ ላይ እስከዛሬ ተለጥፏል፦ «ሰዓቱን ጠብቃችሁ እንጂ ሕመሙን ጠብቃችሁ አትስጧት።» ፓራሲታሞሉ በየስድስት ሰዓቱ፣ ቢያማትም ባያማትም። ዲክሎፌናክ የተባለውን ማስታገሻ እንዳንገዛላት አስጠነቀቀን፤ በዕድሜዋና በግፊት መድኃኒቷ ላይ ለኩላሊት ጥሩ አይደለም። መነጽሯን ወዲያው እንድናደርግላት፣ ሰው ከአጠገቧ እንዳይጠፋ፣ መጋረጃ እንድንከፍት ነገረን፤ አዛውንቶች ከእንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና በኋላ ቀንና ሌሊት ሊምታታባቸው ይችላል፣ ያልታከመ ሕመምም ያባብሰዋል። በሁለተኛው ሌሊት እውነትም አባቴን ስትጣራ አደረች። አባቴ ከሞተ 11 ዓመቱ ነው። ባይነግረን ኖሮ አበደች ብለን እንጮህ ነበር።

ለምን እንዲህ እንዳንገበገበኝ ለመረዳት የእኔንም ስሙ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በሌላ ከተማ፣ ስሙን በማልጠራው ክሊኒክ፣ ብብቴ ሥር የቋጠረ መግል ተቀደደልኝ። ማደንዘዣ ተወግቻለሁ፤ አልሠራም። ስጮህ «ያስመስላሉ» ሲባል ሰማሁ። ዓመታት ሙሉ ደካማ ነኝ ብዬ አፍሬበታለሁ። ይህን ለእርሱ ስነግረው መግል የያዘ ሥጋ አሲድነቱ ስለሚጨምር የሚወጋው ማደንዘዣ በቅጡ እንደማይሠራበት ነገረኝ። ሌላ ዘዴ ሊፈለግልኝ ይገባ ነበር። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሜ አለቀስሁ፤ ከሕመሙ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ።

እንግዲህ ጥቆማዬ ይህ ነው። ደሴና አካባቢው ያላችሁ ምናልባት እርሱ ራሱ ይደርሳችሁ ይሆናል። የትም ሁኑ ግን ቀጠሮ ሲያዝላችሁ «የማደንዘዣ ባለሙያውን ከዋዜማው ማነጋገር እፈልጋለሁ» በሉ። በአገራችን አብዛኛውን ማደንዘዣ የሚሰጡት ሐኪሞች ሳይሆኑ በዚሁ ሙያ ዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ባለሙያዎች ናቸው፤ ጎንደር፣ ጅማና ሐዋሳን ጨምሮ ብዙ ቦታ ይሠለጥናሉ፤ «ዶክተር አይደለም» ብላችሁ አትናቁ። የምትውጡትን ሁሉ ንገሯቸው፤ ጫት የምትቅሙ አጎቶቼ፣ እናንተም ጭምር፤ ልብንና ግፊትን ይነካልና አትደብቁ።

ዛሬ ጥቅምት 6 የዓለም የማደንዘዣ ቀን መሆኑን ያወቅሁት ይህን ስጽፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1846 በዚህ ቀን ዊሊያም ሞርተን የሚባል የጥርስ ሐኪም ቦስተን ውስጥ በኤተር ሰው አደንዝዞ በሕዝብ ፊት ቀዶ ጥገና ተደርጓል። እኛ ዘንድ ገና ዘመነ መሳፍንት ነበር።

እናቴ ሁለት ኪሎ የቦረና ማር ልካለት ነበር። ለራሱ አልወሰደም፤ ማገገሚያ ክፍሉ ውስጥ ላሉት ሁሉ ሻይ ላይ ተከፋፈለ ተባልሁ። ትናንት አቦ ደጅ ስሙን ጠርታ ስትጸልይ ሰምቻለሁ።

ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት አነበብሁላት። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችና «የፌጦውን ነገር አጥፊው» አለችኝ። አላጠፋሁትም።